ከመድኃኒቱ በፊት ትራሱ

«ከራስ በላይ ነፋስ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ለራስ ወዳድነት ማመካኛ ሆኖ ሲነገር የኖረ ነው፤ እኛ ግን ዛሬ ቃሉን እንደ ቁሙ ልንወስደው አሰብን። በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ተንጋሎ በማደንዘዣ ለተኛ ሰው ነፋስ ማለት እስትንፋስ ነው። ያም እስትንፋስ ወደ ሳንባው በደኅና መግባቱ ራሱ በምን አኳኋን እንደ ተቀመጠ ላይ በብዙ ያርፋል።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ስለ ትራስ ነው። በዚህ መጽሔት ስለ ማኅበሩ ምርጫ፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓት ማንበብ የለመደ ጓደኛችን «ስለ ትራስ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» ቢለን አንፈርድበትም። እኛም የማደንዘዣ ትምህርት ጀምረን እስከ መጨረሻው ዓመት እስክንደርስ ድረስ ስለ ትራስ የሚጻፍ ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። አሁን ግን ሁለት ነገር ተገልጦልናል፤ አንደኛው የሰው ሕይወትን የሚመለከት ነው፤ ሁለተኛው እኛ ተማሪዎች እንዴት እንደምንማር የሚመለከት ነው። ስለዚህ ነገሩን በክፍላችን ውስጥ ከማጉረምረም አልፈን በአደባባይ ለመናገር ቈረጥን።

ከሁሉ አስቀድመን የሕክምና ተማሪ ላልሆነው አንባቢ ሥራውን እናስረዳ። ሆድን ወይም ደረትን ለመክፈት በሚደረግ ኦፕራሲዮን ጊዜ በሽተኛው በመጀመሪያ የሚያስተኛ መድኃኒት፣ ቀጥሎም ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ይሰጠዋል። ያን ጊዜ እጅና እግሩ ብቻ ሳይሆን የመተንፈሻ ጡንቻዎቹም ሥራቸውን ያቆማሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሽተኛው በራሱ አይተነፍስም፤ የሚተነፍስለት ሌላ ሰው ነው። ይህ ሌላ ሰው ላሪንጎስኮፕ የሚባለውን፣ መብራትና ምላስ መሰል ብረት ያለውን መሣሪያ ወደ አፍ አስገብቶ፣ ምላስን ወደ ጎንና ወደ ላይ ገፍቶ፣ የድምፅ ጅማቶችን በዓይኑ ካየ በኋላ በመካከላቸው ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ ያስገባል። ከአየር ቧንቧው በስተጀርባ የምግብ ቧንቧ አለ። ቱቦው በስሕተት ወደዚያ ቢገባና ስሕተቱ ቶሎ ባይታወቅ አየሩ ወደ ጨጓራ ይሄዳል፤ በሽተኛውም ኦክሲጅን በሞላበት ክፍል ውስጥ ኦክሲጅን አጥቶ ይሞታል።

ችግሩ መንገዱ ጠማማ መሆኑ ነው። አፍ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ጉሮሮ ወደ ታች ይታጠፋል። የሰው ዓይን ደግሞ ጥግ ዞሮ አያይም። ስለዚህ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የበሽተኛው ራስና አንገት መታጠፊያው በሚቀናበት አኳኋን መቀመጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ውድ መሣሪያ ሳይሆን ትራስ፣ ትራስም ከሌለ የታጠፈ አንሶላ ነው።

ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ42 እጅግ ወፋፍራም በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። በሽተኞቹ አስቀድመው ኦክሲጅን ከተነፈሱ በኋላ እስትንፋሳቸው ቆሞ የደማቸው ኦክሲጅን ወደ አደገኛው ወሰን እስኪወርድ ያለው ጊዜ ተለካ። ጠፍጣፋ የተኙት በአማካይ 155 ሴኮንድ ታገሡ፤ ራስጌያቸው 25 ዲግሪ ከፍ ተደርጎ ኦክሲጅን የተነፈሱት ግን 201 ሴኮንድ ታገሡ። ልዩነቱ 46 ሴኮንድ ነው። ለፈተና ወረቀት 46 ሴኮንድ ምንም አይደለም፤ ቱቦ በእጁ ይዞ ማንቁርት ለሚፈልግ ሰው ግን እጅግ ብዙ ነው። ይህን ጊዜ የሰጠው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ የአተኛኘት ለውጥ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ የምንከራከርበት ነገር ያለው በዚያ ውስጥ ነውና። በ1895 ኪርስታይን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ማንቁርትን ያለ መስተዋት በቀጥታ ለማየት ቻለ። በ1913 አሜሪካዊው ቼቫሊየር ጃክሰን ስለ ራስ አቀማመጥ ጻፈ፤ እርሱም የሚመክረው ራስን ወደ ኋላ በደንብ ማቅናት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፊታቸው በጥይትና በቦምብ የተቀደደ ወታደሮችን በእንግሊዝ አገር ሲያደነዝዝ የነበረው የአይርላንድ ተወላጅ ኢቫን ማጊል ደግሞ በ1936 ሌላ አቀማመጥ አስተማረ። ራስ በትራስ ላይ ከፍ ይላል፤ አንገት ወደ ፊት ይሰገጋል፤ ፊት ቀና ይላል። ይህንንም የማለዳ አየር ከሚያሸት ሰው ጋር አመሳሰለው። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት የማለዳ አየር አያስፈልግም። ቡና ተቆልቶ ማንከሽከሻው ሲዞር፣ እንግዳው ጭሱን ለማሽተት አንገቱን ሰገግ አገጩን ቀና ሲያደርግ ያየ ሁሉ የማጊልን ትምህርት አይቶታል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የባለሙያ ልምድ ነበር። በ1944 ግን ባኒስተርና ማክቤት የተባሉ ሁለት ሰዎች ለልምዱ ምክንያት ሰጡት። የአፍ፣ የጉሮሮና የማንቁርት ሦስት መሥመሮች አሉ፤ በሽተኛው በማሽተት አኳኋን ሲቀመጥ ሦስቱ መሥመሮች አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ ዓይንም ከጥርስ እስከ ድምፅ ጅማት ቀጥ ብሎ ያያል አሉ። ሥዕሉም ተሣለ። ያ ሥዕል እጅግ ያማረ ነበርና ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ወረቀት እየተገለበጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖረ። በእኛም ደብተር ውስጥ በሦስት ቀለም ተሥሎ ይገኛል።

በ2001 ፈረንሳዊው አድኔና ባልደረቦቹ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፤ «ሦስቱ መሥመሮች በውነት ይገጥማሉን?» አሉ። ስምንት ጤነኛ ሰዎችን በማግኔት የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ ተመለከቱ፤ አንድ ጊዜ ራሳቸው እንዲሁ እንዳለ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ብቻ ቀና ብሎ፣ አንድ ጊዜ በማሽተት አኳኋን። ሦስቱ መሥመሮች በአንዱም አልገጠሙም። በዚያው ዓመት እነዚሁ ሰዎች 456 በሽተኞችን በዕጣ ከፍለው የማሽተትን አኳኋን ራስን ወደ ኋላ ብቻ ከማቅናት ጋር አወዳደሩ። የማሽተት አኳኋን ከመቶ 18 በሚሆኑት እይታውን አሻሻለ፤ ከመቶ 11 በሚሆኑት አባሰው፤ በቀሩት ዘንድ ለውጥ አልታየም። በተለይ የጠቀማቸው ወፋፍራሞችንና አንገታቸው እንደ ልብ የማይታጠፈውን ነበር።

ልብ እንበል! ይህ ውጤት ማጊልን ሐሰተኛ አያደርገውም። የማጊል እጅ የሚያውቀው ነገር ነበረው፤ የተሰነጠቀው በኋላ የተጨመረው ምክንያት ነው። ትራሱ ለብዙዎች ይጠቅማል፤ ለሁሉም ግን በአንድ ልክ አይደለም፤ የሚጠቅመውም ሥዕሉ በሚለው መንገድ አይደለም። በ2004 ደግሞ በ60 እጅግ ወፋፍራም በሽተኞች ላይ በተደረገ ጥናት 7 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ትራስ ብቻ ከተደረገላቸው ይልቅ ከጀርባቸው ጀምሮ በብርድ ልብስ እንደ ዳገት ተደልድለው የጆሮ ቀዳዳቸው በአንገት ሥር ካለው የደረት አጥንት ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ የተደረጉት የተሻለ እይታ ሰጡ። እኛም ይህን ስንሰማ መድኃኒቱ ተገኘ ብለን ነበር። በ2017 የታተመው ጥናት ግን አስታገሠን፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በነበሩ 260 ጐልማሶች ላይ የአልጋውን ራስጌ 25 ዲግሪ ማንሣት ከማሽተት አኳኋን ጋር ተወዳድሮ አልበለጠም። እንዲያውም እይታው አስቸጋሪ የሆነባቸው ራስጌያቸው በተነሣው ዘንድ ከመቶ 25፣ በሌሎቹ ዘንድ ከመቶ 12 ገደማ ነበሩ። እንግዲህ አልጋ ማንሣትና አንድን ሰው በልኩ መደልደል አንድ ነገር አይደሉም። ለሁሉ የሚሆን አንድ ትራስ የለም፤ ያለው በጎን ቆሞ ይህን አንድ በሽተኛ ማየት ብቻ ነው።

ይህን ያህል የዘረዘርነው ዕውቀታችንን ለማሳየት እንዳልሆነ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ኑዛዜያችን ይመሰክርልናል።

ባለፈው ዓመት በልምምድ ላይ ሳለን፣ ስሙን በማንጠቅሰው ሆስፒታል፣ አንዲት ወፈር ያሉ፣ አንገታቸው አጭር የሆነ እናት ለሆድ ኦፕራሲዮን ገቡ። የጠረጴዛው ትራስ የት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። ጠፍጣፋ እንደ ተኙ መድኃኒቱ ተሰጣቸው። ከእኛ አንዱ ላሪንጎስኮፑን አስገባና ከምላስ በቀር ምንም አላየም። ኦክሲጅን በጭምብል ተሰጣቸውና ኀላፊያችን ሞከሩ፤ እርሳቸውም አላዩም። የደም ኦክሲጅን መለኪያው ድምፅ እየወፈረ ሄደ። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም። በዚያን ጊዜ ከጎረቤት ክፍል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር መጡ። መሣሪያውን አልነኩም፤ «ልጆቼ፣ አንሶላ አምጡልኝ» ብቻ አሉ። ጭምብሉ እንደ ተያዘ አራት አንሶላ አጣጥፈው ከትከሻቸውና ከራሳቸው ሥር ደለደሉ፤ ጎንበስ ብለው ጆሮና ደረታቸውን በዓይናቸው ለኩ፤ ከዚያ ላሪንጎስኮፑን ያው መጀመሪያ ለሞከረው ጓደኛችን መለሱለት። የድምፅ ጅማቶቹ ታዩ። ቱቦው ገባ። እኚያም እናት ከጥቂት ቀን በኋላ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃ እንደማይሆን ከላይ ከተናገርነው የተነሣ እናውቃለን። ምናልባት ሦስተኛው ሙከራ ያለ አንሶላውም ይሳካ ነበር ይሆናል። እኛን የነካን ግን ሌላ ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው «አስቸጋሪ ጉሮሮ» የሚል ነበር። ትራስ አልነበረም ብሎ የጻፈ ሰው የለም። እኚያ እናት ዳግመኛ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልጋቸው ያ ቃል ተከትሏቸው ይሄዳል፤ ጥፋቱ የእኛ ዝግጅት ሳይሆን የእርሳቸው ገላ ሆኖ ተመዝግቧልና። ስንቱ «አስቸጋሪ ጉሮሮ» በውነት አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ስንቱስ ትራስ የተነፈገ ጉሮሮ ብቻ እንደሆነ ከእንዲህ ያለ መዝገብ ሊታወቅ አይችልም።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ያ ነገር ከመሆኑ ከሦስት ሳምንት በፊት ስለ ራስ አቀማመጥ ተፈትነን ነበር። ጥያቄው «ሦስቱን መሥመሮች ሥለህ አስረዳ» የሚል ነበር። ሣልን፤ አስረዳን፤ ከሞላ ጎደል ሁላችንም ሙሉ ማርክ አገኘን። በ2001 የፈረሰውን ሥዕል በትክክል የሣለው ተማሪ ግን አንሶላ አጣጥፎ አያውቅም ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት በእኛ ላይ ተገለበጠ፤ እኛ ጠምጥመን ፈተናውን አልፈን መማርን ከሲስተሯ ጀመርን።

መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አልተነሣንም። እነርሱም ያንኑ ሥዕል ከመምህራኖቻቸው ተቀበሉ። የምንወቅሰው ሥዕሉን ያለ ጥያቄ የተቀበልነውን ራሳችንን ነው። በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ «ይህ በምን ተመረመረ?» ያለ ከመካከላችን አንድ አልነበረም። በየፋኩልቲው ያለው ጓደኛችንም በደብተሩ ውስጥ የራሱ «ሦስት መሥመሮች» እንዳሉት ይመርምር፤ ከማማሩ የተነሣ ማንም ያልለካው ሥዕል በሕክምና ብቻ የሚገኝ አይመስለንም።

የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዶቹ «አሁን ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ላሪንጎስኮፕ መጥቷል፤ ጥግ ዞሮ ያያል፤ የትራስ ነገር አብቅቷል» ይላሉ። መሣሪያው መልካም መሆኑን አንክድም፤ በሁሉም ሆስፒታል እንዲኖርም እንመኛለን። ነገር ግን ከቱቦው በፊት በጭምብል ኦክሲጅን መስጠት አለ፤ ለዚያ ካሜራው አይረዳም፤ የራስ አቀማመጥ ግን ይረዳል። ደግሞም ካሜራ ይበላሻል፤ ባትሪ ያልቃል፤ በአንድ ሆስፒታል አንድ ብቻ ሲኖር ሌላ ክፍል ውስጥ ይሆናል። የታጠፈ አንሶላ ባትሪ የለውም።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የበላዮች ሥራ ነው፤ ተማሪ ምን አገባው?» ይላሉ። በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት አብዛኞቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ እንደ እኛ በማደንዘዣ ሙያ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ከተመረቅን በኋላ ብዙዎቻችን በወረዳና በዞን ሆስፒታል ብቻችንን እንቆማለን። በዚያ ሌሊት ከጎረቤት ክፍል የምትመጣ ሲስተር ላትኖር ትችላለች። የበላዩ ያን ጊዜ እኛው ነን።

ሦስተኛው ተቃውሞ እውነት አለበትና እንቀበለዋለን፤ ይኸውም አንድን አቀማመጥ ለሁሉ ሕግ ማድረግ አደጋ አለው የሚል ነው። ሕፃን በተፈጥሮው የኋላ ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነ ትራስ ቢደረግለት አገጩ ወደ ደረቱ ይደፋል፤ ለርሱ አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ከትከሻው ሥር የሚደረግ ቀጭን ጨርቅ ነው። ከመኪና የወደቀና የአንገት አጥንቱ የተጠረጠረ ሰው ደግሞ ራሱ ጨርሶ መንቀሳቀስ የለበትም፤ ሌላ ሰው በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይይዝለታል። እኛም የምንለው ለሁሉም ትራስ ይደረግ አይደለም፤ ለሁሉም ይታሰብ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፦ ፈተናው ከወረቀት ወደ አልጋ ይውረድ። ተማሪው አንድ ጓደኛውን አስተኝቶ በአንሶላ ይደልድለው፤ ፈታኙም በጎን ቆሞ ጆሮና ደረት እኩል መሆናቸውን፣ ፊት ቀና ማለቱን አይቶ ማርክ ይስጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ የለም።

ሁለተኛ፦ በምንለማመድበት ክፍል ሁሉ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው ከጠረጴዛው ጎን ቆሞ «አቀማመጡ ደኅና ነው» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር። የታጠፉ አንሶላዎችም ከመድኃኒቱና ከቱቦው ጋር በአንድ ጋሪ ላይ ይቀመጡ። የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችንን ደግሞ እናስቸግራለን፤ ከጠንካራ ስፖንጅ ተቈርጦ እንደ ዳገት የሚሆንና የሚታጠብ ሽፋን ያለው መደልደያ ሠርተው ቢያሳዩን ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የበለጠ ያገለግላል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛ፦ በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ በምን አቀማመጥ እንደ ተደረገ ይጻፍ፤ አቀማመጡ ሳይስተካከል የማንም ሰው ጉሮሮ «አስቸጋሪ» ተብሎ አይመዝገብ። ይህ የቴክኒክ ነገር ብቻ አይደለም፤ የእውነተኛነት ነገር ነው። በራሳችን ጉድለት የተኛውን ሰው፣ መናገር የማይችለውን ሰው፣ መክሰስ ነውር ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ተብሏል። እኚያ ሲስተር የሠሩትን ሥራ እኛ ከመድኃኒቱ በፊት፣ በሽተኛዋ ነቅተው ሳሉ፣ «እናቴ፣ ትንሽ ቀና ይበሉ» ብለን በአንድ ደቂቃ ልንሠራው እንችል ነበር። እርሳቸውም ራሳቸው በረዱን ነበር። ያችን አንድ ደቂቃ ስላልሰጠናት ነው የመለኪያው ድምፅ ሲወፍር ለመስማት የበቃነው።

ሁለተኛ እንዳንሰማው የሚቀጥለው በሽተኛ ሲገባ ትራሱ የት እንዳለ አስቀድመን እንጠይቅ።